ከሦስት ወደ አንድ

ቀይ መብራት ላይ ቆሜ፣ መቶ አሥራ ስምንተኛ ጎዳና፣
ኤድመንተን ሳይነጋ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ገና፣
መኪናዬ ራደች።
መንዘፍዘፏ መሪው ድረስ እንደ ወባ ተነሣ፣
ቃሬዛ ለአራት ይዘው አንዱ ትከሻውን እንደ ነሣ።
ቢጫዋ የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፤
ቤንዚኑ ይሸታል እንጂ፣ ብረግጥ ብረግጥ አትሄድም።

ጋራዡ ውስጥ ያ ሰውዬ፣ ኮፈኗን በወጉ ሳይከፍት፣
"አራቱም ኮይል ይቀየር" አለኝ በእርግጠኛ ሰው ድፍረት፤
"አንዱ ከሞተ ሌሎቹም ነገ ከነገ ወዲያ ናቸው፣
ስምንት መቶ ሰባ ዶላር፣ ታክሱን ሳንጨምርባቸው።"
አንዱ ባጠፋ አራቱ ይቀጡ?
ዋጋ የጻፈበትን ወረቀት አራት ላይ አጠፍኩት፣
አመሰግናለሁ ብዬ፣ መንገዱን በሦስት ሲሊንደር ገፋሁት።

ጋሽ ስቴፋን ጎረቤቴ (ጋሽ ያልኩ እኔ ነኝ፣ እሳቸው አያውቁም)
ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ መሣሪያ ማዋስ አይሰለቹም።
በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ ኮድ ማንበቢያውን ከነገመዱ፤
"መጀመሪያ ትጠየቅ" አሉ፣ "ከዚያ በኋላ ነው ፍርዱ።"
ከመሪው ሥር ሰካሁት። ትንሹ መስኮት ቆየና ጻፈ፦
ሦስተኛው ሲሊንደር አይነድም።
አይነድም ማለት ግን ኮይሉ ሞተ ማለት አይደለም፤
ካንዴላው ይሆናል፣ ቤንዚን የሚረጨው ይሆናል፣
በስም ብቻ ማን ይፈረድበታል?

"መለያው አንድ ነው" አሉኝ፣ እጃቸውን ከጓንት አውጥተው፣
"የሦስተኛውን ወደ አንድ፣ የአንደኛውን ወደ ሦስት አዛውሪው፤
ጥፋቱ አብሮት ከሄደ፣ እንግዲህ ጥፋተኛ ነው።
እዚያው ከቀረ ግን፣
ኮይሉን ተዪው። የታመመው ቤቱ ነው።"

ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት። ጓንት ሳጠልቅ ብሎኑ ያመልጠኛል፣
ሳወልቅ ብረቱ ጣቴን በጥርሱ ይይዘኛል።
ባለ አሥር ቡሶላ። የሶኬቱ ምላስ በብርድ ደርቋል፣
በጉልበት ከሳቡት ይሰበራል፣ ቢለማመጡት ይለቃል።
ተለማመጥኩት። ቀጭ አለ።
ሁለቱን ኮይል ጎን ለጎን ያዝኩ፤ መንታ ናቸው፣
የቱ ታማሚ የቱ ደኅና፣ ፊታቸው አይናገርባቸው።
በሦስተኛው ላይ በጥፍር ቀለም ነጭ ነጥብ አኖርኩበት።

ነጥቡ እስኪደርቅ ነው ማርሊን አለቃዬ ትዝ ያለችኝ።
መስከረም ላይ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ አንደኛ ያወረደችኝ።
"ቅሬታ አለ" አለች፤ የማን እንደሆነ አልነገረችኝም።
"ስንዱ ባለችበት ሌሊት ሠራተኛው አይስማማም።"
ወረድኩ። አራት ወር ሆነኝ።
አንደኛ ፎቅ አሁንም በሰላም ይተኛል፣
ሦስተኛ ፎቅ ያለ እኔም ሲካሰስ ያነጋል።
ማንም መጥቶ ኮድ አላነበበም።

አዛወርኳቸው። ቁልፉን አዞርኩ። አነከሰች እንደ ልማዷ።
መስኮቱ ጻፈ፦ አንደኛው ሲሊንደር አይነድም።
ጋሽ ስቴፋን አጨበጨቡ። ነጭ ነጥብ ያለበት፣
ጥፋቱን እንደ ጥላው አዝሎ ሄዷል በሄደበት።
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤
ኮይል እንኳ ተፈተነ፣ አልኩ ለራሴ።

ሰባ አራት ዶላር፣ አንድ አዲስ ኮይል።
"ቀስ፣ ፕላስቲክ ነው፣ አታንቂው" አሉኝ ብሎኑን ሳጠብቅ።
ሞተሩ ተነሣ፤ አራተኛው ትከሻ ከቃሬዛው ሥር ገባ፤
በኮፈኑ ላይ ያስቀመጥኩት የሻይ ኩባያ አልተነቃነቀም።

ባለ አሥሩ ቡሶላ ግን ጠፋ።
በረዶውን በእጃችን አበጠርነው፣ የለም።

ሌሊት ነው፤ የወይዘሮ ፐርልን ትራስ ጎንበስ ብዬ ሳቃና
ከደረት ኪሴ ወጥቶ አንሶላቸው ላይ ዱብ አለ።
አነሡት፣ አገላበጡት፣ በቀለበት ጣታቸው ሰኩት፤
"ይሰፋኛል" አሉ፣ ወደ መብራቱ እያሳዩት።
ከላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣
ደወል ይጮኻል፤ የሚያነሣው የለም።